በእሷ እጅ ብቻ የሚሞተው ፕሮግራም

የቢሯችን ባለቤት አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ «ፈርሚበት» አለኝ። አዳማ ውስጥ ለክሊኒኮች የካርድ ክፍል ፕሮግራም የምንሠራ ትንሽ ድርጅት ነን፤ እሱም የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ወረቀቱ፣ አርሲ ነገሌ ባለው ክሊኒክ ፕሮግራማችን በየጊዜው ድንገት የሚዘጋው በካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጥፋት ነው ይላል። እኔ ከፈረምኩ ልጅቷ ትባረራለች።

«አይተኸዋል ግን?» አልኩት።

«ምኑን አየዋለሁ? ሌሎቹ ሲሠሩበት ምንም አይሆንም። እሷ ስትቀመጥ ቀጥ ይላል። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው እጇ ደግ አይደለም እያሉ ነው።»

ደሜ ፈላ። ኮምፒውተር ተምሮ፣ ፕሮግራም ጽፎ የሚሸጥ ሰው ስለ እጅ ደግነት ያወራኛል! ወረቀቱን መለስኩለትና ደምፖቹን አስልክልኝ አልኩት።

ደምፕ የምንለው፣ ፕሮግራም ድንገት ሲሞት በመጨረሻዋ ቅጽበት ሆዱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ገልብጦ የሚተወው ፋይል ነው። እንደ ደብዳቤ ተከፍቶ አይነበብም፤ ዲበገር የሚባል የስህተት ማደኛ መሣሪያ ይፈልጋል። አንዱን ብቻ ቢከፍቱት የት እንደሞተ ይናገራል። እኔ የፈለግኩት ሁሉም በምን እንደሚመሳሰሉ ነበር። ስለዚህ ለዲበገሩ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩለት፦ እያንዳንዱን ክፈት፣ ከሞተበት የኮድ መስመር ተነስተህ የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል የትኛውን እንደጠራ ወደ ኋላ ተከተል፣ የታካሚው መረጃ ጋ ስትደርስ የቱ እንደተሞላ፣ የቱ ባዶ እንደሆነ ንገረኝ። ስሞቹን እንዳያወጣ ከለከልኩት፤ የሰው ገመና ነው።

ምሳ ሳልወጣ ውጤቱ መጣ። ሁሉም የሞቱት አንድ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ላይ የሕፃኑ ታካሚ ስም አለ፣ የእናት ስም አለ፣ ቀበሌ አለ። የአባት ስም ግን የለም። መስመሩን የጻፈው ባለቤቱ ራሱ ነው። ለካርዱ ከአባት ስም የመጀመሪያዋን ፊደል ይወስዳል፤ ስሙ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ከሌለ ስም ላይ ፊደል ሊያነሳ ሲሄድ ፕሮግራሙ ይወድቃል።

ታዲያ ለምን እሷ ጋ ብቻ? ደወልኩላት።

«አካም ጅርታ እህቴ፣ ወላሂ ምንም አልነካሁም» አለችኝ፣ ገና ሳልጠይቃት።

«እንዳልነካሽ አውቃለሁ። የአባት ስም ባዶ የምትተዪው መቼ ነው?»

«ለክትባት የሚመጡ እናቶች አሉ አይደል፣ አባቱ ማነው ስላቸው አንገታቸውን የሚደፉ። ባልደረቦቼ ሰልፉ እንዲሄድላቸው የመጣላቸውን ስም ይጽፋሉ። እኔ አልችልም። እኔ ማን ሆኜ ነው ለሰው ልጅ አባት የምሰጠው?»

ስልኩን ዘጋሁት። ሲዋሹት የሚሠራ፣ እውነቱን ሲነግሩት የሚሞት ነገር ነው የሸጥነው። ልትባረር የነበረችው ደግሞ ያልዋሸችው ናት።

ለባለቤቱ ስክሪኑን አሳየሁት። ያፍራል ብዬ ነበር። ምኑ ያፍራል! ሳቀ። «ቀላል ነው። የአባት ስም ካልሞሉ እንዳያሳልፋቸው አድርጊው። ደግሞ አባት የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

ወለንጪቲ አንደኛ ክፍል ልመዘገብ ስንሄድ እናቴም አንገቷን ደፍታ ነበር። መዝጋቢው ከኋላችን ያለው ሰልፍ ረዝሞበት የሆነ ስም ጻፈና «በቃ፣ ሂጂ» አላት። የማን ስም እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። መታወቂያዬ ላይ አለ፣ ዲግሪዬ ላይ አለ። ምረቃዬ ቀን በማይክራፎን ከስሜ ጋር ሲጠሩት፣ ከሁሉም ቀድማ አዳራሽ የገባችው እናቴ አላጨበጨበችም።

«አለ!» አልኩት። ኮሪደር ላይ የቆሙት እስኪዞሩ ጮኬ ነበር። «አልዘጋውም። ባዶውን እንዲቀበል አድርጌ ነው የማስተካክለው። ሪፖርቱንም እኔ ነኝ የምጽፈው።»

እንዳልኩት አደረግኩ። ስህተቱ የእኛ ነው፣ ሠራተኛዋ ትክክል ነበረች ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ሥራዋ ላይ ቀረች፤ ሥራ አስኪያጁ ግን እጇን እንዳልሰደቡ ሁሉ ይቅርታ እንኳን አልጠየቋትም። አሁንም ሳስበው ያበግነኛል።

ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ባለቤቱ እስከ መጨረሻው አነበበው። ግርጌው ላይ «ሙሉ ስም» የሚል ቦታ አለ። ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ ቀና አለ።

«የአባትሽን ስም ረስተሻል።»

«አልረሳሁም» አልኩት። «እንደዚሁ ላከው።»