ሐይቁ ዳር አንድ ቀን

እኅቴ የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪም ናት። ከሐይቅ ከተማ ለትምህርት ከወጣች ወዲህ ትምህርቱ አላልቅ አላት፤ መጀመሪያ ጠቅላላ ሕክምና፣ ከዚያ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ ውጭ አገር የሕፃናቱ። አንዱን በጨረሰች ቁጥር "አሁንስ መጥቼ ሐይቁ ዳር አንድ ቀን ሙሉ እቀመጣለሁ" ትለኛለች። ጋዜጠኛ ነኝና የተባለውን እይዛለሁ። ሦስት ጊዜ ብላለች፤ አንድም ቀን አልተቀመጠችም።

ባለፈው ዓመት የሦስት ቀን ፈቃድ አገኘች። ደሴ ሄጄ ተቀበልኋት፤ ሐይቁ ዳር ለሁለት ሰው ዓሣ አዝዤ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት የአምባሰል እናት ሕፃን ታቅፋ አጠገባችን ተቀመጠች። ልጁ የሹራብ ቆብ አድርጓል። እኅቴ የጀመረችውን ወሬ ተወችው።

"ራሱ ትልቅ ነው፤ ቆቡን ላውልቀው?" ብላ እጇን ዘረጋች።

እናትየዋ ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው። "ምነው እቴ! በዓይንሽ ልትበይው ነው?"

"ሐኪም ናት፤ የሐይቅ ልጅ ናት" አልሁ።

"የሐይቅ ልጅ ብትሆንማ ማሻአላህ ሳትል የሰው ልጅ አትነካም ነበር!"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኅቴ ግን ፊቷ ተለወጠ። ልጆች ሳለን አራስ ልንጠይቅ ስንገባ እኛ ክርስቲያኖቹም ገና ከደጅ ማሻአላህ እንል ነበር።

"ማሻአላህ" አለች ቀስ ብላ። "እውነትሽን ነው፤ ረስቼው ነው። አላህ ያሳድግልሽ።"

እናትየዋ አየት አደረገቻትና ቆቡን ራሷ አወለቀችው።

እኅቴ የልጁን እርግብግቢት በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች። ተወጥሯል። ዓይኖቹም ወደ ታች አዘቅዝቀዋል።

"ያስመልሰዋል?"

"ሳምንቱ።"

"ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል። ማስተንፈስ ይቻላል፤ ግን መቆየት የለበትም። አዲስ አበባ እኔው ይዤሽ እሄዳለሁ።"

ሐይቅ መናኸሪያ ስንደርስ እናትየዋ ለባሏ ደወለች፤ እኅቴ ለሆስፒታሏ። ከዚያ ወደ ደሴ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። እኅቴ በመስኮት ብቅ አለች።

"ወንድም ዓለም፣ ዓሣውን ብላልኝ።"

ሄጄ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ፀሐይ ጠልቃ ውሃው እስኪጨልም ከወንበሬ አልተነሳሁም።

በማግሥቱ ማታ ደወለች። "ቀዶ ሕክምናው ደህና አለቀ፤ ጡት ያዘ። ዓሣውስ እንዴት ነበር?"

"ጨው በዝቶበታል" አልኋት።

አልበዛበትም ነበር።