ደጅ የመጡ ወፎች

ትርንጎ ዕድሜዋን ሙሉ ማማ ላይ ቆማ፣ ወንጭፍ እያጮኸች፣ ወፍ ከማሽላዋ ስታባርር የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿም ከሸዋ ሮቢት ወጥተው ከቀሩ ወዲህ ግን ደጇን የሚረግጥ ሰው ጠፋ። ዘንድሮ ታኅሣሥ ገብቶ የቆላው ጠዋት እንኳ መቆንጠጥ ሲጀምር፣ ጋቢዋን ተከናንባ ደጇ ላይ ትቀመጥና እነዚያኑ ወፎች ማሽላ እየበተነች ትለማመጣቸው ጀመር። እነሱም ክፋቷን ያውቁታል መሰለኝ፣ ቶሎ አላመኗትም።

ዛሬ ገና እግሯ ሥር ድረስ መጡ። ትንፋሿን ውጣ ስታያቸው ጎረቤቷ ሐምዲያ በአጥሩ በኩል ብቅ አለችና፣ የተሰጣ እህል መስሏት፣ እያጨበጨበች «ሃይ! ሃይ!» ብላ ሁሉንም አስነሳቻቸው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ምነው ዝም አሉ? ወፍ እህልዎን ጨረሰብዎ እኮ!»

ወፍ እየቀለብኩ ነው ማለት አሳፈራት። ባዶ የቀረውን ደጅ አየት አድርጋ፣ «ተባረኪ ልጄ፣ ደረስሽልኝ» አለቻት።