የደም ስር ገበር

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። የሙሽራ ሱፍ ሊያደርስ ወደ አንኮበር ሲወርድ ቁልቁለቱ አንሸራተተውና የቀኝ ቅልጥሙ ተሰብሮ አጥንቱ ወጣ። የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በዚያው እግር ነው።

ደብረ ብርሃን ስናደርሰው ሐኪሙ፣ "ቁስሉ ክፍት ነው፤ ካደረ ያመረቅዛል፣ እግሩንም ልናጣው እንችላለን" አለ። ቀዶ ጥገናው ጀርባ ላይ በሚወጋ ማደንዘዣ ነው ሲባል ግን አባቴ አልፈርምም አለ።

"ጀርባዬን አልወጋም። ወገብ ይቆርጣል። ከፈለጋችሁ ሙሉ በሙሉ አስተኙኝ።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዤ ቆሜአለሁ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። "ደም እንዳይፈስ ጭንዎን አጥብቀን እናስራለን፣ አባቴ። ሲፈታ ደሙ ተመልሶ ሲገባ የደም ስርዎን የውስጥ ሽፋን ይጎዳዋል። የእርስዎ ደግሞ በስኳር በሽታዎ ሳስቷል። ከማደንዘዣዎቹ ለሽፋኑ የቱ እንደሚሻል ቁርጡ ገና አልታወቀም። የጀርባው ግን የእግርዎን ደም ስር ዘና ያደርገዋል። ቁርስም በልተዋል፤ ተኝተው ቢያስመልስዎ ሳንባዎ ውስጥ ይገባል።"

"የምን ሽፋን ነው የምትለው?" አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። "ገበር ነው አባዬ። የደም ስር ገበር።"

"የሳሳ ገበር በኃይል አይጎተትም" አለ ለራሱ። እጁን ለእስክሪብቶው ዘረጋ፤ ነፍሴ መለስ አለች። ከዚያ ባለሙያዋን፣ "መርፌሽ ስንት ቁጥር ነው?" አላት።

"ሃያ አምስት።"

እጁን ሰበሰበ። "እኔ ጂንስ የምሰፋው በአሥራ ስምንት ነው። በሃያ አምስት ምን ልታደርጊኝ ነው፣ ድንኳን?"

እኔ አልሳቅሁም። እግሩ ላይ የተጠመጠመው ፋሻ በደም ርሶ ነበር። "ያሳዩት፣ በእናትዎ" አልኳት።

ሄዳ አንድ መርፌ ከነእሽጉ አመጣች። "የእኛ ቁጥር ሲጨምር ይቀጥናል፣ አባቴ።" አባቴ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አገላብጦ አየው፤ እንደ ፀጉር ነው።

"በዚህስ ሐርም ይሰፋል" አለና ፈረመ።

ከቀዶ ጥገናው ሲወጣ የእግሩን ጣቶች ያዝኩ። ከወገቡ በታች ምንም አያውቅም። "ይሰማሃል?" እለዋለሁ፤ "አይ" ይላል። "አሁንስ?" "አይ።" እናቴ ወገቡ ተቆረጠ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ስሜቱ ይመለሳል ተብሎ ተነግሮኛል፤ ግን እንደገና መጠየቅ ፈራሁና ጣቶቹን እንደያዝኩ ቆየሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይበርዳል" አለኝ።