በጋሼ ሁሴን ስልክ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባሌ አልነገርኩም። ሰግጄ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ በስሙ አልጠራውም። «ያረቢ ጥፋቴን ማረኝ» እላለሁ። የትኛውን ጥፋት? እሱማ ያውቀዋል ብዬ አልፋለሁ። ለእናንተ ግን በስሙ ልጥራው። እትዬ ዘሃራ የዓይናቸውን ብርሃን ሳያገኙ እንዲሞቱ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ሁሴንንም በመንደሩ ፊት ከሃዲ ያስባልኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ሐይቅ ከተማ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከቪዲዮ እማራለሁ፣ ብቻዬን። ፍላስክ የሚባለውን ቀላል የዌብሳይት መሥሪያ ያገኘሁትም እንዲሁ ነው። ሰባት መስመር ኮድ ጽፌ ብራውዘሩን ስከፍተው «ሰላም ሐይቅ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ወላሂ፣ ብቻዬን እልል አልኩ። ዓሣ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ «ምነው፣ ደህና ነሽ?» ብሎ ቆመ። ልቤ ያበጠው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የዓይን ሐኪሞች ውጫሌ መጥተው የዓይን ሞራ በነፃ ሊገፍፉ ነው ተባለ። «ምዝገባ በደብተር ምን ያደርጋል? እኔ ዌብሳይት እሠራላችኋለሁ» ያልኩት ማን ጠይቆኝ ነው? ማንም። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ስልክ የሚሞላበት አንድ ገጽ ሠራሁ፤ ዝርዝሩ የሚወጣበት ሌላ ገጽ ሠራሁ። ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ እያንዳንዱን ተመዝጋቢ የሚለየው በኢሜይል ነበር። እኛ ጋ ኢሜይል ማን አለው? በስልክ ቁጥር ተካሁት። አንድ ሰው ሁለቴ ቢመዘገብ ዝርዝሩ እንዳይበላሽም አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ ቁጥሩ ቀድሞ ካለ፣ አዲሱ ስም በድሮው ቦታ ይተካ።

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ያደግሁት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። በመንደራችን ለአምስት ለስድስት ቤት የሚደወለው በአንድ ስልክ፣ በጋሼ ሁሴን ስልክ ነበር። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግበት ሶላር ያለው እሱ ብቻ ነው። ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲወለድ፣ አረብ አገር ያለች ልጅ ስትደውል፣ ጋሼ ሁሴን ስልኩን ይዞ ማሳ አቋርጦ ይሮጣል። እናቴ ስልክ ቁጥርሽ ስትባል የምትናገረው የሱን ነው። የኔም የትምህርት ቤት ፎርም ላይ የተሞላው የሱ ነው። ይህን የማላውቅ እንግዳ ነበርኩ? ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን የነማን ልጅ እንደሆንኩ ረሳሁ።

እትዬ ዘሃራ ሊመዘገቡ ኮፒ ቤት ድረስ የመጡት በገበያ ቀን ነው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ነጭ ለብሷል። «ድምፅሽ ያው ነው፤ አላደግሽም እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ስልክ ስላቸው «የሁሴንን ነዋ!» አሉ። ሞላሁት። «በቃ፣ ተመዝግበዋል፤ ተራዎ ሲደርስ ይደወላል» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሁሴን እናቱን ይዞ መጣ። የሱን ቁጥር በቃሌ ስለማውቀው ሳልጠይቀው ሞላሁት። ያቺ መስመር የታዘዘችውን አደረገች፤ የእትዬ ዘሃራን ስም አጥፍታ የሁሴንን እናት በቦታው ጻፈች። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ ነበር።

ሐኪሞቹ መጡ። የጋሼ ሁሴን እናት ተደውሎላቸው ሄዱ፣ ታክመውም ተመለሱ። እትዬ ዘሃራ ግን ቢጠብቁ ቢጠብቁ የሚደውል ጠፋ። በመጨረሻው ቀን ብቻቸውን ሚኒባስ ተሳፍረው ውጫሌ ሄዱ፤ አንዲት የማያውቋት ሴት ከመናኸሪያ እጃቸውን ይዛ የሐኪሞቹ ድንኳን በር ላይ አደረሰቻቸው። እኔ እዚያው ላፕቶፔን ይዤ ተቀምጫለሁ። ነርሷ ዝርዝሩን አየች፤ ስማቸው የለም። ወደ እኔ ዞር ብላ «ተመዝግበው ከሆነ ዛሬውኑ አስገባቸዋለሁ። መዝግበሻቸዋል?» አለችኝ።

ገባኝ። ቁጥሩም፣ መስመሯም፣ የሁሴን እናትም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን «አዎ» ካልኩ ስማቸው የት ጠፋ እባላለሁ፤ ከኋላዬ ደግሞ ከወረዳው የመጡ እንግዶች ቆመዋል፣ «ይቺ የእኛው ልጅ ናት የሠራችው» ይባባላሉ። ከሰዓት የምስጋና ሰርተፍኬት ሊሰጡኝ ነው። እትዬ ዘሃራ «የመዘገበችኝ የሰይድ ልጅ ናት። የለችም እንዴ? ድምፅዋን አውቀዋለሁ፣ ትናገርና ልስማት» አሉ። ከኔ ሁለት እርምጃ ቢርቁ ነው። ጣቴ ኪቦርዱን ነክቶ ቀጭ ሲል ሰምተው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ብናገር ያውቁኛላ! ለነርሷ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁላት። አልተመዘገቡም። አንዲት ቃል ሳልናገር ዋሸሁ።

«ለሚቀጥለው ዙር ይምጡ» ተባሉ። ሰርተፍኬቴን ወሰድኩ። መስመሯን በዚያው ሳምንት አስተካከልኳት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀችም። የሚቀጥለው ዙር ግን ዓመታት ዘገየ። ሲመጣም ሐኪሙ አይቶ «ሞራው ስለቆየ ግፊት ጨምሮ የዓይኑ ነርቭ ሞቷል፣ አሁን የሚደረግ ነገር የለም» አላቸው።

መንደሩ ደግሞ የራሱን ፍርድ ፈረደ። የሁሴን እናት ዓይናቸው በራ፣ እትዬ ዘሃራ ቀሩ፤ ስልኩ ያለው ሁሴን ጋ ነው። «ተራዋን ለእናቱ አደረገው» ተባለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ጋሼ ሁሴን ቁርአን ይዞ ማለ፤ ያመነው የለም። ከዚያ ወዲህ ስልኩን የሚጠይቀው ሰው ጠፋ፤ መንገድ ላይም ሰላምታ ነፈጉት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እኔ ምን አልኩ? «ጉድ ነው!» አልኩ። እዚያ ድንኳን በር ላይ የተዘጋው አፌ ለዚህ ጊዜ ተከፈተ።

እትዬ ዘሃራ ታመው ተኙ ሲባል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልናዘዝ ነበር የሄድኩት፣ ወላሂ። ገና ከበሩ ድምፄን ሰምተው «የሰይድ ልጅ! ነይ፣ ቅረቢ» አሉ። እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው «ሁሴንን አፉ ብዬዋለሁ። ለእናቱ ብሎ ነው፤ ቂም ይዤ አልሄድም» አሉኝ። ያላጠፋውን ይቅር አሉት። እኔም «ደግ አደረጉ» አልኳቸው። በሳምንቱ ሞቱ።

ገና ተማሪ ነበርሽ፣ የመጀመሪያ ሥራሽ ነው፣ ማንም ይሳሳታል የሚለኝ ይኖራል። ተዉኝ እባካችሁ! ስትመዘግቢ ተሳሳትሽ ብትሉኝ እሺ። ራሴን የነቀነቅሁት ግን ማን አስተምሮኝ ነው? ከየትኛው ቪዲዮ ነው ያየሁት? እሱን እኔው ነኝ ያደረግሁት፣ እያየሁ፣ እያወቅሁ።

የእትዬ ዘሃራን አፉታ ከእንግዲህ የትም አላገኘውም። ጋሼ ሁሴን ግን አለ። ቁጥሩም አልተቀየረም፤ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እደውልለታለሁ። ከዚያም መንደሩ ድረስ ሄጄ፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት ቦታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እናገረዋለሁ። አፉ በለኝ እለዋለሁ። እንቢ ቢለኝ አልፈርድበትም። ስልኩን ብቻ ያንሳልኝ።