የእንቁላል ጠባቂዋ

በኢየሩሳሌሙ የመካንነት ሕክምና ቤተ ሙከራችን ውስጥ፣ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ትቀመጣለች። ረቢዎቹ፣ የአይሁድ የሃይማኖት መሪዎች፣ የመደቧት ተቆጣጣሪ ናት፤ የአንዱ ባል ዘር ከሌላው ሚስት እንቁላል ጋር እንዳይቀላቀል ትጠብቃለች። እንደ አጥባቂ አይሁድ ባለትዳሮች ፀጉሯን በሸፈነችበት ዊግ ላይ የቤተ ሙከራ ቆብ ትደርባለች፤ በኢየሩሳሌም የሐምሌ ሙቀት እንኳ ወፍራም ካልሲዋን አታወልቅም። ባለሙያዋ ረቪታል እንቁላልና ዘር የሚገናኙበትን ሳህን ባነሳች ቁጥር የባለቤቶቹን ስም ጮክ ብላ እንድታነብ ታደርጋታለች።

“ሌባ እንመስልሻለን እንዴ?” ትላታለች ረቪታል።

“ሌባስ ነቅቶ ነው የሚሠራው። እኔ የምፈራው እንቅልፍ ያጣሽውን አንቺን ነው።”

የተቆጣጣሪዋ ቤት በልጆች የተሞላ ይመስለን ነበር።

ትናንት እኔና ረቪታል ተረኛ አልነበርንም፤ እሷም ምትክ ልካ ቀርታለች አሉን። ዛሬ ሆዷን ደግፋ ገባች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ረቪታል ትናንት ከሴቶቹ ሆድ በመርፌ ተወስደው ከዘር ጋር የተገናኙትን እንቁላሎች ልታይ የመጀመሪያውን ሳህን አወጣችና ማንበብ ጀመረች። መሃል ላይ አቋርጣ ቀና አለች። የሚስትየዋ ስም ሴትዮዋ ደረት ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያም ተጽፏል።

“አንቺ ነሽ?”

“ስሙን ጨርሺ።”

ጨረሰች። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ አየች። ዘር የገባበት እንቁላል በማግስቱ ውስጡ ሁለት ትንንሽ ክቦች ይታዩበታል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ረቪታል ሳህኑን ደጋግማ አዟዟረችው።

“ዘሩ የትኛውም ውስጥ አልገባም፣ እህቴ።”

ሴትዮዋ ከዊጓ ያመለጠ ፀጉር ይኖር እንደሆነ በጣቷ ዳሰሰች።

“የሚቀጥለውን አውጪ” አለች። “ጮክ ብለሽ አንብቢ።”