ጌታሁን ሄርማታ ገበያ ላይ የጮኸው

ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጓደኛዬ ጌታሁን ድንገት ቆመና «ወንድሜን የት ቀበራችሁት? ነፍሰ ገዳዮች!» ብሎ ጮኸ...

ዘመኑ የደርግ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው በሹክሹክታም አይደፍረውም። ገበያው ጭጭ አለ።

ሁለታችንም እዚያው የጤና ተማሪዎች ነበርን። ጌታሁን ከጎጃም የመጣ፣ አንድ ቃል ለመናገር ቀን የሚመርጥ ዝምተኛ ልጅ ነው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሰንብቷል። ሰው የወፍ በሽታ ይለዋል፤ እኛ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው ብለን ተምረናል። እህል ካፉ ከገባም ቆይቷል። ያን ቀን ደግፌ ወደ ሆስፒታል ስወስደው መንገድ ላይ ላብ አጠመቀው፣ ንግግሩ ተደበላለቀ... ከዚያ ጮኸ።

አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ መጣ።

«ምንድነው የሚለው?»

«ጓድ፣ ታሟል... የሚናገረውን አያውቅም።»

«የታመመ ሰው ወገቤን፣ ራሴን ይላል እንጂ መንግሥት ይከሳል እንዴ?»

የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። «ቫይረስ የራሱ ጓዳ የለውም፣ ጓድ። የሰውዬውን ሴል ጓዳ ይረከብና ለራሱ ያሠራዋል። ጉበት ደግሞ ስኳር አስቀምጦ፣ ሲያልቅም ሠርቶ ለአንጎል የሚልክ ነው። አሁን የሱ ጉበት ሥራውን ትቷል። አንጎሉ ተርቦ ነው የሚቀባጥረው።»

«ስኳር ቢያገኝ ይተዋል?»

«ይተዋል።»

«ባይተውስ?»

ጌታሁንን በሁለት እጄ ደገፍኩት።

«ባይተው ሁለታችሁም ከኔ ጋር ትሄዳላችሁ» አለ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ስኳር ያኔ በቀበሌ ራሽን ነው፤ ከየት ይምጣ? ይሄኔ አጠገባችን ማር የሚሸጡት ሽማግሌ፣ አባ ዲጋ፣ ከቅላቸው ጨልፈው ተነሡ። «ኮቱ፣ ና ልጄ! የሊሙ ማር ነው። ቢስሚላሂ በልና ላስ... ላስ እንጂ!» እያሉ በጣታቸው አቀመሱት።

ላሰ። ጠበቅን... ምንም የለም። አሁንም ጠበቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ፈተና ላይ ብሳሳት ነጥብ ይቀነስብኛል፤ እዚህ ብሳሳት የሁለታችን ነፍስ ነው። «መምህራችን ተሳስቶ እንዳይሆን» እያልኩ በልቤ እጸልያለሁ።

በመጨረሻ ጌታሁን ዓይኑን አርገበገበ። «የት ነን?» አለ፣ ሰው የሚሰማው በማይመስል ድምፅ።

ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ፊቱ ላይ አፈጠጠ። «ወንድምህ የት ነው ያለው?»

ጌታሁን ጠመንጃውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ወንድም የለኝም፣ ጓድ። ለእናቴ አንድ ነኝ።»

ጠባቂው ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ «ውሰደው» ብሎኝ ሄደ። አባ ዲጋ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ጣታቸውን ጠረጉ። ዝቅ ባለ ድምፅ ደግሞ «ልጄ፣ ሁለተኛ ገበያ መሀል እንዳይታመም» አሉኝ።

ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ። ያን ቀን ግን እዚያ እስክንደርስ ደጋግሞ ወደ ኋላ ይገላመጥ ነበር። ስለዚያ ጩኸት እሱም አላነሣ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ቫይረስ ጉበት ይቀማል፣ የሰውን ስኳር ይጨርሳል... ወንድም ግን አይፈጥርም።