ድንቡሼን የሰበረው እጅ

እርጥብ የገብስ ጭድ በሸተተኝ ቁጥር መጀመሪያ ፊቴ ድቅን የሚለው የአጎቴ የጋሼ ደምሴ እጅ ነው፣ ቀጥሎም ንዴቱ። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል ይላሉ፤ የኔ ሆድ ግን ይቆጣል። ትዕግስት ብለው ስም ያወጡልኝ ገና ሳያውቁኝ ነው።

ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው። አባባ ፋብሪካ ይሠራ ነበርና አንድ የመስከረም ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ጓደኛው የሰጠውን ገና ጡት የጣለች ነጭ ጥንቸል ከካፖርቱ ሥር አወጣ። እማዬ «ርኩስ እንስሳ ቤቴ አታስገባብኝ» ብላ ብትቆጣም፣ እኔ አልቅሼ አሸነፍኳትና ጓዳው ጥግ በጣውላ ሣጥን ጭድ ጎዝጉዘን አስገባናት። ስሟን ድንቡሼ አልኳት።

መጀመሪያ ላይ ዓይኔን ማየት አትፈልግም ነበር። እንደ ድመት ላቅፋት እየሮጥኩ ስመጣባት ቧጭራኝ አልጋ ሥር ትገባለች። አባባ እየሳቀ «ከላይ የመጣባትን እጅ ሁሉ ጭልፊት ነው የምትለው፣ ዝቅ በይላት እንጂ» አለኝ።

ዝቅ አልኩላት። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ውርጩ ደጁን ጠዋት ጠዋት ነጭ ሲያደርገው፣ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ዝም እል ነበር፣ እሷም ቀስ በቀስ ወጥታ ጸጉሬን ታሸትተኝ፣ አገጯንም ጫማዬ ላይ እያሻሸች ንብረቷ ታደርገኝ ነበር። ስትፈራ በኋላ እግሯ ወለሉን ትደልቃለች፣ ደስ ሲላት ዘላ አየር ላይ ትጠማዘዛለች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጣበቀች ግን መተው ነው። ላነሣት ስፈልግ አንድ እጄን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከቂጧ ሥር አስገብቼ ደረቴ ላይ አጣብቃት ነበር፤ እግሯ ከተንጠለጠለ በድንጋጤ ትፈራገጣለች፣ ስትፈራገጥ ደግሞ የገዛ ወገቧን ልትሰብር ትችላለች። ይህን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሳላስተምር ማንንም አላስነካም ነበር።

ጋሼ ደምሴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ከመዘዞና ከጣርማ በር በግ እየገዛ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ በጉን ወገቡን ዳብሶ፣ ላቱን ጨብጦ፣ ከመሬት ብድግ አድርጎ መዝኖ ምን ያህል ሥጋ እንደሚወጣው ይናገራል፣ ተሳስቶም አያውቅም ይባል ነበር። ስለዚህ የእንስሳ ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው።

በፋሲካ ማግስት ሊጠይቀን መጣና ጠላውን እየጠጣ ድንቡሼን ሲያይ ብድግ ብሎ በሁለት ጆሮዋ አንጠለጠላት። «ጋሼ፣ እንደሱ አትያዝም፣ ወገቧ» ብዬ ሳልጨርስ፣ «ወግጂ! እንስሳ ለኔ ልታስተምሪ ነው?» አለና እንደ ገበያ በግ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝናት ጀመር። ጥንቸል ድምፅ እንዳላት ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ እንደ ሕፃን ጮኸች፣ በኃይል ተፈራገጠች፣ ከዚያ ዝም አለች። መሬት ሲያስቀምጣት የኋላ እግሮቿ አልታዘዟትም። «ትነሣለች» ብሎ ጠላ እንዲጨመርለት ብርጭቆውን ዘረጋ። እኔም ያንን እጅ እስኪደማ ነከስኩት።

ታላቅ የደፈርኩት እኔ ሆንኩና፣ በማግስቱ ድንጋይ አንገቴ ላይ አሸክመው «ይቅር በለኝ» በይ ብለው ፊቱ አቆሙኝ። እሱም ተኮፍሶ «ይቅር ለእግዜር» አለኝ። ለድንቡሼ ድንጋይ ይሸከም ያለ ግን ማንም አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጠል በእጄ እያጎረስኩ፣ ሽንቷን በሞቀ ውሃ እያጠብኩ አስታመምኳት፣ ግን ነሐሴን አላየችም። አባባ አጥሩ ሥር ቀበራት። ጋሼ ደምሴ ደግሞ በየዓመት በዓሉ ጠባሳውን እያሳየ «ለአንዲት ጥንቸል ብላ እንደ ውሻ ነከሰችኝ እኮ!» እያለ ያወራ ነበር፣ ቤቱም ይስቅ ነበር። እማዬ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ትገሥጸኛለች፤ እኔም በሆዴ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እላለሁ። የምፈልገው «አጠፋሁ» እንዲል ብቻ ነበር።

ሳገባ፣ ሠርጉ ሊደርስ ሲል ይህንኑ በሰው አስነገርኩት። ሳቀ አሉኝ። በሠርጌ ቀን ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠው፣ እኔና ባለቤቴ የአባባን ጉልበት ስመን፣ የእማዬን ስመን፣ ተራው የጋሼ ደምሴ ሆነ፤ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጉልበቱን አመቻቸ፣ ለምርቃትም እጁን አነሣ። እኔ ቀጥ ብዬ አለፍኩትና ከሱ ቀጥሎ የተቀመጡትን አዛውንት ጉልበት ሳምኩ። የሚያየው ሰው ሁሉ ገባው፣ እልልታውም ተቋረጠ። ደስ አለኝ፣ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ያኔ በእናቴ ቤት ጌታው እሱ ነበር፣ እኔ ድንጋይ ተሸካሚ። ዛሬ የራሴ ቤት አለኝ፣ እሱም አርጅቶ ገበያ መውጣቱን ትቷል፣ ያንንም ቀልድ ከሠርጌ ወዲህ ሲያወራው የሰማ የለም። ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» ይለኛል፣ «ደህና» እለዋለሁ። ባለፈው እማዬ «ያቺን ቃል ሳይልሽ ቢሞትስ?» አለችኝ።

«ለቅሶ እደርሳለሁ» አልኳት፣ «እንባ ግን አትጠብቂብኝ።»